አሥራ አራቱ የሺኮኩ ቀናት

በጉባኤው ውስጥ አንዲት ቃል አለች፤ የተናገረቻት ሴት ሳትዋሽ፣ የሰማት ወንድ ሳይዋረድ፣ ነገሩን በሰላም የምትቀብር ቃል። «ልጸልይበት።»

ከመድረክ ያስተማራት የለም፤ በመዝሙር ጥራዝም አልሰፈረችም። ነገር ግን ከሆሳዕናና ከዱራሜ ከተነሡት ሰዎች ጋር ድንበር ስትሻገር ከርማ፣ ጆሃንስበርግ፣ ዱርንፎንቴን ውስጥ የአንድ አሮጌ ፎቅ አራተኛ ደርብ ተከራይተው ወደሚያመልኩበት አዳራሽ አብራቸው ገብታለች። አንድ ወንድም አንዲትን እኅት ለትዳር ሲጠይቅ፣ እኅቲቱ ዐይኗን ሰበር አድርጋ ይህችን ቃል ካለች፣ ወንድምየው ለጨዋነት ያህል ጥቂት ሳምንት ይጠብቅና ዳግመኛ አያነሣውም። እምቢታው ከላይ እንደ መጣ ስለሚቆጠር በማንም አይቀየምም፤ ሰላምታውም አይቋረጥም። በዚህ መንገድ ስንት ልብ ያለ ድምፅ እንደ ተሰበረ የሚያውቅ የለም፤ ጉባኤው ግን በትዳር ጉዳይ አንድ ቀን ተጣልቶ አያውቅም።

ምሕረቱ ይህን ልማድ እንደ እናቱ ቋንቋ ያውቀዋል። ስለዚህ በሰኔ መጨረሻ እሑድ፣ ሰው ሁሉ ወርዶ ሲያልቅ፣ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ፊቤን ጠይቋት፣ እርሷም መጽሐፍ ቅዱሷን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ «ልጸልይበት» ስትለው ማብራሪያ አልፈለገም። መልካም ነው አላት፤ ፈገግም አለ። አራቱን ደርብ ወርዶ መንገድ ከገባ በኋላ ነው ጃኬቱን አዳራሹ ውስጥ እንደ ረሳው የጆሃንስበርግ ደረቅ ብርድ የነገረው። ተመልሶ ለማምጣት በእርሷ ፊት ማለፍ ነበረበትና ሳይለብስ ሄደ።

*

ፊቤ የአቶ ዱካሞ ልጅ ናት። አቶ ዱካሞን በዱርንፎንቴን የማያውቅ ነጋዴ የለም፤ በከተማው ዳር ካለችው ከቴምቢሳ ባለ ሱቆች ግማሹ ዱቄቱንና ዘይቱን የሚጭነው ከእርሳቸው የጅምላ መደብር ነው። ልጃቸው በዘጠኝ ዓመቷ ከእናቷ ጋር መጥታ፣ እዚሁ አድጋ፣ የአገሩን ዜግነት አግኝታ፣ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ተመርቃለች። ምሕረቱ በአንጻሩ ዱራሜ ላይ ስድስት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ፣ ዛሬ ቴምቢሳ ውስጥ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ ዳቦና ሻማ የሚሸጥ ሰው ነው። የያዘው ወረቀት፣ ሰዉ ሁሉ «ፔፐር» የሚለው፣ በየስድስት ወሩ የሚታደስ የጥገኝነት ማስረጃ ነው፤ እንዲኖርና እንዲሠራ ይፈቅድለታል፣ ከዚህ አገር ወጥቶ እንዲመለስ ግን አይፈቅድለትም። የዓለምን ወንዞች ከምንጫቸው እስከ ማብቂያቸው በቃሉ የሚያውቅ ሰው፣ ከሁለት የብረት በሮች መካከል ሆኖ ይኖራል።

ያቀራረባቸው የሐዋርያው ጳውሎስ ጉዞ ነው። ፊቤ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ታስተምር ነበር፤ ካርታ የሚሥልላት ሰው ስትፈልግ ወደ ምሕረቱ ጠቆሟት። ከሱቁ ባዶ ካርቶን እየዘረጋ በጀርባው ላይ ባሕሩን፣ ደሴቶቹን፣ መርከቡ የተሰበረበትን ዳርቻ ሣለላት። አንድ እሑድ ከልጆቹ አንዷ ጳውሎስ አልደከመውም ወይ ብላ ጠየቀች። ፊቤ መልስ ስትፈልግ ምሕረቱ ከኋላ ሆኖ፣ መጽሐፉ አይናገርም፣ ካርታው ግን ይናገራል አለ። ያን ጊዜ ዞራ አየችው። ከካርታው ወደ ፊቱ የተሻገረችው ያች አንዲት እይታ በወራት ውስጥ ምን ያህል እንደ ሰፋች ሁለቱም ለመለካት አልደፈሩም።

በግንቦት ፊቤን ደብዳቤ ደረሳት። ከጃፓን አራት ታላላቅ ደሴቶች ታናሽ በሆነችው በሺኮኩ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ለአንድ ዓመት እንግሊዝኛ እንድታስተምር ተመርጣለች። ሁለት እሑድ ደበቀችው። በሦስተኛው ስትነግረው፣ ትሄጃለሽ ወይ ብሎ አልጠየቃትም።

«በሰሜኑ ነው በደቡቡ?» አላት። «ደቡቡ ዝናብ ይበዛበታል።»

ሣቀች፤ ሣቋ ሳያልቅ ዐይኗ እንባ ሞላ። እርሱም እንባውን አይቶ ምን እንደሚያደርግበት ስላላወቀ ወደ ካርታው ዞረ። ለትዳር የጠየቃት ከዚያ በኋላ ነው፤ መልሷን ሰምቶ ጃኬቱን የረሳው።

*

ሽማግሌ ሆነው ወደ አቶ ዱካሞ ዘንድ ሊሄዱ የተዘጋጁት ጋሼ ሲላስ ነበሩ፤ የጉባኤው ሽማግሌ፣ በቀልዳቸውና በጠባብ ክራባታቸው የታወቁ ሰው። ምሕረቱ ማክሰኞ ዕለት ደውሎ ነገሩን እንዲተዉት ለመናቸው። ክራባቱን አስተኩሼ ነበር እኮ አሉት። ልጸልይበት ብላኛለች አላቸው። ጋሼ ሲላስ ረዘም ያለ ትንፋሽ አወጡ፤ የዛሬዋን ባለቤታቸውን ከማግባታቸው በፊት እርሳቸውም ሦስት ጊዜ ተጸልዮባቸው እንደ ነበር ነገሩትና፣ እንግዲያው አለቀ ብለው ዘጉ።

ለምሕረቱ ግን አላለቀም። አንድን ሰው ለራስ ማድረግ ሲያቅት የሚቀር አንድ ሥራ አለ፤ የሚሄድበትን መንገድ ማወቅ። ከመደርደሪያው ለተማሪ ከሚሸጣቸው ደብተሮች አንዱን አወረደ። በስልኩ እያነበበ፣ የመሬቱን አቀማመጥ እያጣራ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ እየጻፈ፣ በቀይ እያሰመረ፣ ለፊቤ የአሥራ አራት ቀን የጉብኝት መርሐ ግብር አዘጋጀላት። በየገጹ ራስ ላይ የዕለቱን ካርታ ሣለ። ሁለት ሳምንት ተኩል ፈጀበት። ሲጨርስ ለጋሼ ሲላስ ሰጠ፤ እሑድ እርሱ እንደማይመጣም አስታወቃቸው። እርሷን ሲሸኙ በሕዝብ መካከል ቆሞ ማጨብጨብ የሚችል አልመሰለውም።

*

ያላወቀው ነገር ቢኖር ፊቤ በእርግጥ ትጸልይ እንደ ነበረ ነው።

እንደ ዳንኤል ሃያ አንድ ቀን ወስና፣ እስከ ቀትር እየጾመች፣ በአባቷ መጋዘን ከዱቄት ጆንያዎች በስተጀርባ እየተንበረከከች ትጸልይ ነበር። ትወደው እንደሆነ አልነበረም የምትጠይቀው፤ ያንንማ ታውቀዋለች። የምትጠይቀው፣ የምትሄድ ሴት መሄድ የማይችልን ሰው በቃል ማሰሯ ጽድቅ ነው ወይስ ጭካኔ የሚለውን ነበር። በአሥራ ስምንተኛው ቀን በልቧ ላይ ሰላም አረፈ። መልሱን እሑድ፣ ጾሙ በሚያበቃበት ቀን፣ በዚያው ደረጃ መታጠፊያ ላይ ልትነግረው ወሰነች። ከወንበር ላይ አንሥታ ስትጠብቀው የቆየችውን ጃኬትም አጠበችው።

ዐርብ ጋሼ ሲላስ ደብተሩን አመጡላት። አንገታቸውን ደፍተው፣ እንደ መርዶ ነጋሪ፣ ወንድም ምሕረቱ ሽምግልናውን እንድተወው ለምኖኛል፤ መንገድሽ የተቃና ይሁን ይልሻል አሏት።

ከጆንያዎቹ ጀርባ ተቀምጣ ገለጠችው።

«ሁለተኛ ቀን። ናሩቶ። ሁለት ባሕሮች በጠባብ በር ሲገናኙ ውኃው አዙሪት ይሆናል። ከትልቁ ድልድይ ሥር የመስተዋት ወለል ያለው መተላለፊያ አለ፤ ከእግርሽ በታች አርባ አምስት ሜትር ላይ ባሕሩ ሲሽከረከር ይታያል። ከመሄድሽ በፊት ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት ጠይቂ። ያለ ሰዓቱ የሄደ ጸጥ ያለ ውኃ አይቶ ይመለስና ሰዎቹን ውሸታሞች ይላቸዋል። ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት፦ ዕረፍት። ባሕሩ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ፈልጊ።»

«አራተኛ ቀን። የኢያ ሸለቆ። ከሐረግ የተሠራ ድልድይ አለ። በየእርምጃሽ መካከል ወንዙ ይታይሻል። በየሦስት ዓመቱ ፈትተው እንደ ገና ይሸምኑታል፤ ስለዚህ አሮጌ ነው ያለም፣ አዲስ ነው ያለም አልተሳሳተም። በቀኝ እጅሽ ሐረጉን ይዘሽ ተሻገሪ፤ ተመልሰሽም ተሻገሪ። በመጀመሪያው ፍርሃት ያላየሽውን በሁለተኛው ታዪዋለሽ። ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት፦ ዕረፍት። ከድልድዩ ወዲህ።»

«አምስተኛ ቀን። ናጎሮ። ወጣቶቿ ወደ ከተማ አልቀው ጥቂት አዛውንት የቀሩባት መንደር ናት። አንዲት እናት በሄዱት ሰዎች ምትክ ከጨርቅና ከገለባ ሰው እየሠሩ በየደጁ፣ በየእርሻው፣ በአውቶቡስ ማቆሚያው አስቀምጠዋል። እዚያ ስትደርሺ የእኛን ቀበሌዎች አስቢ። ለእኔም አንድ ቢሠራልኝ ዱራሜ፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ይቆም ነበር። ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት፦ ዕረፍት።»

«ስምንተኛ ቀን። ኮቶሂራ። ሰባት መቶ ሰማንያ አምስት ደረጃ። ላይ ያለው እኛ የምንሰግድበት አይደለም፤ ደረጃ መውጣት ግን ኃጢአት አይደለም። ጋሼ ሲላስ ከጠየቁሽ ስፖርት ነው በያቸው። ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት፦ ዕረፍት።»

«ዐሥራ አንደኛ ቀን። የሺማንቶ ወንዝ። መደገፊያ የሌላቸው ዝቅ ያሉ ድልድዮች አሉት። ጎርፍ ሲመጣ እንዳይሰበሩ ውኃው በላያቸው እንዲያልፍ አድርገው ሠርተዋቸዋል። ብዙ አሰብኩበት። ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት፦ ዕረፍት።»

የመጨረሻው ገጽ አጭር ነበር። «አሥራ አራተኛ ቀን። ሺሞናዳ። ትንሽ የባቡር ጣቢያ ናት፤ አንድ መጠለያ፣ ጥቂት ወንበሮች፣ ፊት ለፊት ባሕር። ፀሐይ ስትገባ ከማየት በቀር የሚሠራ ነገር የለም። ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት፦ ዕረፍት። ከዚህ በኋላ መንገዱን አንቺ ታውቂዋለሽ።»

ይህን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ደጋግማ አነበበችው። አንድ ሰው ሴትን ሲያሰናብት ከዚህ የበለጠ ምን ጨዋነት ሊያሳይ ይችላል? ሻንጣዋን ሸክፎ፣ ጎዳናውን አስምሮ፣ በር ድረስ ሸኝቷታል። እሑድ ጃኬቱን ታቅፋ በደረጃው መታጠፊያ ቆመች፤ ሰዉ ሁሉ ወረደ፤ እርሱ አልመጣም። በዚያ ቀን ቀትር ቢያልፍም ጾሟን አልፈታችም። ረኃቡ ከኀዘኑ ይልቅ የሚታወቅ ነገር ነበርና ከእርሱ ጋር መቆየትን መረጠች።

*

ሰኞ ማለዳ አቶ ዱካሞ ልጃቸውን ፍለጋ ወደ መጋዘኑ ሲገቡ ደብተሩን ጆንያ ላይ ተዘርግቶ አገኙት። በረራዋ ሐሙስ ነው።

እርሳቸው ምሕረቱን አይጠሉትም። በእርሱ ላይ ያላቸውን ሐሳብ ለልጃቸው በግልጽ ነግረዋታል፤ ሰውየው ንጹሕ ነው፣ የተማረ ነው፣ ነገር ግን ቋሚ ፔፐር የሌለው ሰው በጣሳ ላይ የተተከለ ዛፍ ነው፤ ቅጠሉ ያምራል፣ ሥሩን የሚሰድበት የለውም። መነጽራቸውን አድርገው ቆመው ማንበብ ጀመሩ፤ ከዚያ ተቀመጡ። ፊቤ ስትመጣ ቀና ሳይሉ፣ ይህን ዕረፍት አይተሻል ወይ ብለው ጠየቋት። መምህር ስለሆነ ነው፣ የደወል ልማድ አልለቀቀውም አለቻቸው።

«አሥራ አራቱንም ቀን አሥራ አንድ ሰዓት? ባሕርም ዳር፣ ተራራም ላይ?»

«አባዬ፣ ይተዉት በቃ።»

«ከእኛ ስንት ሰዓት ይቀድማሉ?»

«ሰባት።»

በጣታቸው ቆጠሩ። ከአሥራ አንድ ላይ ሰባት። ጣታቸው አራተኛው ላይ ቆመና እዚያው ቀረ።

ቴምቢሳን በመሰለ፣ «ሎኬሽን» በሚሉት የድሆች ሰፈር ሱቅ ያልጠበቀ ሰው የጠዋቱን አራት ሰዓት አያውቃትም። ከንጋት ጀምሮ ሠራተኛው ታክሲ ሳያመልጠው ዳቦ ይፈልጋል፤ ተማሪው ብስኩት ይፈልጋል፤ እናቶች ሻይ ቅጠልና ስኳር ይላሉ። አራት ሰዓት ላይ ድንገት መንገዱ ባዶ ይሆናል። አምስት ሰዓት ሲሆን ደግሞ ይጀምርና እስኪመሽ አያባራም። በመካከል ያለችው አንዲት ሰዓት ብቻ የሱቁ ሳትሆን የባለ ሱቁ ናት። አቶ ዱካሞ ቴምቢሳ ውስጥ ዐሥራ አንድ ዓመት ሱቅ ጠብቀዋል። ከእነዚህ ውስጥ ሰባቱን ዓመት፣ ሚስታቸው ደስታነሽ ሕፃኗን ፊቤን ይዛ ሆሳዕና ሳለች፣ በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ በለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ይደውሉላት ነበር።

ይህን ለልጃቸው ሲነግሯት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ወይዘሮ ደስታነሽ ከወዲያ በኩል ሒሳብ መቀበያው ዘንድ ነበሩ።

«ይህ ሰው አልሸኘሽም» አሏት። «ከቀኑ ውስጥ ለእርሱ ያለችውን አንዲት ሰዓት ነው አሥራ አራት ጊዜ ጽፎ የሰጠሽ። ፈራና ዕረፍት አላት።»

ፊቤ ደብተሩን ወሰደች። የቆመችበት ወለል የናሩቶ መስተዋት የሆነ መሰላት፤ ከታች የሆነ ነገር መዞር ጀምሯል። እርሱ ግን ለጋሼ ሲላስ ተዉት ብሏቸዋል አለች። ምን ብለሽው ነበር አሏት።

«ልጸልይበት።»

አቶ ዱካሞ መነጽራቸውን አወለቁ። «እና የምርሽን ስትጸልዪ ነበር?»

«ሃያ አንድ ቀን።»

ለሳምንታት ያልተሰማ ሣቅ ከሆዳቸው ወጣ፤ እስኪያስላቸው ሣቁ። የእናቷን ቋንቋ አስተምረዋት የእናቶቿን ዘዴ ሳያስተምሯት እንደ ቀሩ ገባቸው። ያች ቃል በአገር ቤት ምን ማለት እንደሆነች አስረዷት። ምሕረቱ በደረጃው ላይ ፈገግ ብሎ የወረደው፣ ለጃኬቱ ያልተመለሰው፣ እሑድ የቀረው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ በፊቤ ፊት ቆመ።

«ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው» አሉና የባኪዋን፣ የትንሿን የጭነት መኪናቸውን፣ ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ። «እንዳትሳሳቺ፤ አልመረቅኩም። ሰዓቱን ነው የነገርኩሽ።»

ቁልፉን ሲሰጧት ግን እጃቸው በእጇ ላይ ከሚያስፈልገው በላይ ቆየ። ልጅን መስጠት ከእምቢታ ይልቅ የሚከብድ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቁት።

*

አራት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ላይ ባኪዋ ከሱቁ ፊት ቆመች። መንገዱ ባዶ ነው። በፀሐዩ በኩል፣ በተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጎጎ እያለ የሚጠራቸው አሮጊት በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል፤ በዚህ ሰዓት ሁልጊዜ እዚያው ናቸው።

ምሕረቱ ፍርግርጉ ውስጥ ሆኖ ስልኩን ሲያይ ነበር። ቀና ሲል አያት፤ ፈጥኖ ሲነሣ ራሱ መደርደሪያ ነካና ሁለት የሻማ እሽግ ወደቀ። አላነሣቸውም።

«እኅት ፊቤ።»

«ወንድም ምሕረቱ» አለች፤ እየተቆጣች ነበር።

ደብተሩን ዳቦና መልስ በሚተላለፍባት ክፍተት አስገባችለት። ተቀበለው። ሽፋኑን አየ፤ ፊቱ ላይ የነበረው ትንሽ ብርሃን እንደ ኩራዝ ሲጠፋ አየችው። ቀስ ብሎ፣ ትምህርት ቤቱ የተሻለ ካርታ ሰጥቷት እንደሚሆን ተናገረ።

«ልጸልይበት ስልህ ምን ያልኩህ መሰለህ?»

ደብተሩን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ።

«ንገረኝ እንጂ። ምን አልኩህ?»

«አይሆንም።»

«እኔ ግን ጸለይኩ» አለች ፊቤ። «ሃያ አንድ ቀን ዱቄት ላይ ተንበርክኬ ጸለይኩ። ማን ነው ሌላ ትርጉም አለው ብሎ የነገረኝ? አንተ ስድስት ዓመት ያስተማርክ ሰው፣ አንድ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ተማሪዋን መጠየቅ አቃተህ?»

ምሕረቱ በሁለት እጁ ፍርግርጉን ያዘ። ጎጎ ከሳጥናቸው ላይ ሆነው በዙሉና በእንግሊዝኛ ቀላቅለው፣ ማይ ፍሬንድ፣ ልጅቷን ምን አደረግሃት ብለው ጠየቁ። ማይ ፍሬንድ በሎኬሽን የባዕድ ባለ ሱቅ ሁሉ ስም ነው። ምንም አላደረግኩም ጎጎ አላቸው። እንደዚያ ከሆነ ጥፋቱ ያ ነው አሉት።

ፊቤ ሣቋ መጣባት። እንባዋን በእጅጌዋ ስትጠርግ ነው ምሕረቱ እጅጌውን ያወቀው። የእርሱ ጃኬት ነበር፤ በትከሻዋ ላይ ሰፍቶ፣ ታጥቦ፣ የተበጠሰው አዝራሩ ተተክቶ።

«መልሱ እሺ ነው» አለችው። «ትናንት ልነግርህ መጥቼ ነበር፤ አንተ ቀረህ።»

የሰማው ነገር ወደ ውስጥ ለመግባት ጊዜ ወሰደ። ሁለት ሳምንት ተኩል ሙሉ በደብተር ገጾች ላይ የሸኛት ሴት በፊቱ ቆማለች። ከዚያ በድንገት፣ የዕውነተኛ ሰው ፍርሃት ያዘውና፣ ፔፐሩን፣ ያለ ቀጠሮ የሚረዝሙትን ዓመታት፣ አባቷን፣ ሁሉንም ዘረዘረላት። አንድ ዓመት ብላ ሄዳ ስትመለስ እርሱን እዚሁ ፍርግርግ ጀርባ ብታገኘውስ? ሁሉንም ሰማችው። ስለ እነዚህም ጸልያ ነበር።

«ታዲያ ደብተሩን ለምን መለስሽው?»

«አንተ ዘንድ እንዲቆይ ነው። ድልድዩን አልሻገርም። አዙሪቱን አላይም። ደረጃውንም አልወጣም። ሺኮኩ ላይ አንድ ዓመት እኖራለሁ፤ አንተ የጻፍካቸውን አሥራ አራት ቀናት ግን አልነካቸውም። አብረን እስክንሄድ ይቆዩኝ።»

«ፊቤ፣ እዚያ ድረስ ሄደሽ? ይህማ ቅጣት ነው።»

«የጻፍከው አንተ ነህ። አነባበቡን ለእኔ ተውልኝ።»

«ቋሚው ፔፐር ባይመጣስ?»

«ባይመጣ ሺኮኩን ሳታይ የኖረችባት የመጀመሪያዋ መምህር እሆናለሁ።»

ለመሣቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ግንባሩን ብረቱ ላይ አስደገፈ። ከዚያ፣ እንደ ነጋዴ ሳይሆን እንደሚለምን ሰው፣ በዝግታ ተከራከራት።

«መቀመጫዎቹንስ?»

ፊቤ አሰበች። የወንበሮቹን ነገር፣ ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት ያለውን ነገር፣ አባቷ በጣታቸው የቆጠሩትን ነገር።

«መቀመጫዎቹ ላይ እቀመጣለሁ» አለች። «ዕረፍቱ የእኔ ነው። መንገዱ የሁለታችን።»

የበሩን ቁልፍ ፍለጋ ወደ ኪሱ እጁን ሰደደ። ማንም ቢመጣ በሩ በቀን እንዳይከፈት ራሱ ያወጣው ሕግ ነበር፤ ሊሽረው ነው። እርሷ ግን አትክፈት አለችው። ጎጎን አስፈቅዳ አጠገባቸው ካለው ሳጥን አንዱን ስባ፣ ፍርግርጉ ሥር አድርጋ ተቀመጠች። እርሱም ከውስጥ ሳጥን አምጥቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ነው የምንነጋገረው» አለችው። «ከዛሬ እንልመደው።»

ያች ሰዓት እንዴት እንዳለፈች ማናቸውም በኋላ መናገር አልቻሉም። ስለ ዝናብ ተነጋገሩ፤ ስለ ጋሼ ሲላስ ክራባት፤ አባቷ አልመረቅኩም ብለው ቁልፍ ስለ መስጠታቸው። ብረቱ በመካከላቸው ነበር፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት በደረጃው ላይ አንዳች ሳይጋርዳቸው ቆመው ከነበረው ይልቅ አሁን ይቀራረቡ ነበር። ጎጎ አምስት ሰዓት ሲሆን ተነሥተው ግማሽ ዳቦ ጠየቁ። ምሕረቱ ሙሉ ሰጣቸውና፣ ለምን እንደ ሰጠ ሲጠይቁት አንድ ሻማ ጨመረላቸው፤ ደስታው ገና በየትኛውም ቋንቋ ስም አልወጣለትም ነበር።

*

የሺኮኩ ቅጠል መቅላት በጀመረበት ሰሞን፣ ቴምቢሳ ላይ አራት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው፣ ከፊቤ መልእክት ገባ።

«ዛሬ ኢያ ነኝ። ድልድዩን ከዳር ሆኜ አየሁት፤ አንተ ከጻፍከው በላይ ያስፈራል። ቲኬት የሚቆርጡትን ሰውዬ፣ ተሻግሬ በዚያው ተመልሼ መሻገር እችል እንደሆነ በተሰባበረ ጃፓንኛዬ ጠየቅኋቸው። ሣቁብኝ። ድልድዩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ አንዴ የረገጠው ሰው ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይሄድበትም። ደብተርህ ውስጥ ስሕተት አግኝቼብሃለሁ፣ መምህር። አባዬም ትናንት ደውለው፣ ያ ሰውዬ ሰዓቱን ያከብራል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ስለ አንተ ራሳቸው ሲጠይቁኝ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። አሁን ከድልድዩ ወዲህ ተቀምጫለሁ። ጃኬትህ ለብርዱ በቂ ነው።»

ምሕረቱ ደብተሩን ከመደርደሪያው አወረደ። ቀዩን እስክሪብቶ አንሥቶ፣ በአራተኛው ቀን ገጽ ላይ «ተመልሰሽም ተሻገሪ» የሚለውን በጥንቃቄ ሰረዘ፤ በስድስት ዓመት የማስተማር ሕይወቱ የራሱን ስሕተት እንዲህ በደስታ አርሞ አያውቅም። የሚያርም ሰው የሚያነብ ሰው ነው፤ እስከ መጨረሻው ገጽም ሳይደርስ አይተውም።

ከውጭ መንገዱ ባዶ ሆነ። ጎጎ ሳጥናቸውን ወደ ፀሐዩ አዞሩ። አራት ሰዓት ሞላ፤ ምሕረቱ ልክ እንደዚያ ሰኞ ሳጥኑን ወደ ፍርግርጉ ስቦ ተቀመጠና ቁጥሩን ተጫነ።